መደርደሪያው ላይ ሦስት ስልክ ብቻ ካለ ምን ይደረግ?

ከሰቃ ጮቆርሳ የደረሰኝ ጥያቄ አጠር ሲል እንዲህ ይላል፦ «መምህር ነኝ። ስልክ ልገዛ ጅማ ወደሚገኘው የኦፕሬተሬ (የስልክ መስመር የሚሰጠኝ ድርጅት) ሽያጭ ማዕከል ሄጄ ያገኘሁት ሦስት ዓይነት ብቻ ነው፤ አንዱ ባለ ቁልፍ፣ ሁለቱ ስማርት ስልክ ሆነው ዝቅተኛ አቅም ያላቸው። ‹ሌላ የለም?› ብል ‹አዲስ አበባ ሊኖር ይችላል› ተባልኩ። በየወሩ እየተከፈለ የሚሰጠውም እነዚያው ሁለቱ ናቸው። ለምን ምርጫ አይሰጡንም? ከሌላ ቤት ብገዛ መስመሬ ላይ በደንብ ይሠራል? ወንድሜ ከአሜሪካ ልላክልህ ይለኛል፤ ይሻላል? ሁለት ሲም ነው የምጠቀመው። ባለቤቴ ጌራ ትሠራለች፤ ቅዳሜና እሑድ እዚያ ነኝ፤ ኔትወርኩ ደካማ ነው።»

መምህር፣ ጅማ መርካቶ ስልክ እየጠገንኩና እየሸጥኩ የምኖር ሰው ነኝና ይህን ምሬት በየጊዜው እሰማዋለሁ። በመጀመሪያ ዋናውን ስጋት ላንሳልዎት። ከየትኛውም ሞባይል ቤት ቢገዙ ስልኩ መስመርዎ ላይ ይሠራል። በእኛ አገር ሲምና ቀፎ ድሮም ለየብቻ የሚገዙ ናቸው፤ አዲስ ቀፎ ሲገዙ ሲምዎን ነቅለው መክተት ነው። ለእኛ የለመድነው ነገር ስለሆነ ጥቅሙን ልብ አንለውም። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2007 አይፎን ሲወጣ የሚሸጠው ኤቲ ኤንድ ቲ በተባለው ኦፕሬተር በኩል ብቻ ነበር፤ የተፎካካሪው የቬራይዘን ደንበኛ አይፎን ለመያዝ እስከ 2011 መጠበቅ ነበረበት፤ ካልሆነም መስመሩን መቀየር። እዚያ የኦፕሬተሩ መደርደሪያ ጠበበ ማለት የደንበኛው ምርጫ ጠበበ ማለት ነው። እርስዎ ግን ከሽያጭ ማዕከሉ ወጥተው አጂፕም ሆነ መርካቶ ብቅ ቢሉ በርካታ ሞዴል ያገኛሉ፤ መስመርዎ ቅር አይለውም።

ታዲያ እነሱ ጋ ለምን ሦስት ብቻ ሆነ? የከለከላቸው የለም። የኦፕሬተር ዋናው ገቢ ከድምፅና ከዳታ ፓኬጅ ነው። ቀፎ የሚያቀርበው ባለ ቁልፍ ስልክ ይዞ የቆየውን ደንበኛ ወደ 4ጂ ለማሻገር ነው፤ ዳታ የሚገዛው ያኔ ነውና። ስለዚህ ብዙ ሰው በአቅሙ ሊገዛው የሚችለውን አንድ ሁለት ሞዴል መርጦ በብዛት ያዛል፤ በብዛት ሲታዘዝ ፋብሪካው ዋጋ ይቀንስለታል። ከዚያ በላይ ዓይነት ማብዛት ለእሱ ገንዘብ ማሰር ነው። ሳይሸጥ የቆየ ስማርት ስልክ አዲስ ሞዴል ይወጣበትና ዋጋው ይወርዳል። የዶላሩም ነገር አለ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። እዚሁ አገር የሚገጣጠመው ስልክ እንኳ ዕቃው ከውጭ ስለሚገባ ከዚህ አላመለጠም። የጅማ ቅርንጫፍ ደግሞ ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚገኝ ነው፤ ተፈላጊው ሞዴል መጀመሪያ የሚያልቀው አዲስ አበባ ላይ ነው። ቡና በሚሸጥበት ወራት፣ በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ገንዘብ የያዘ ገበሬ ከማናና ከጎማ ወረዳዎች በሚመጣበት ሰዓት መደርደሪያው ባዶ ሲሆን ማየት በጣም ያናድዳል። የጅማን ገበያ ጠባይ የሚያውቅ ሰው ክምችቱን ከጥቅምት በፊት ያስገባ ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ ይበሉ። ሦስት ስም ማለት ሁልጊዜ ሦስት ምርጫ ማለት አይደለም። ቴክኖ፣ አይቴልና ኢንፊኒክስ የአንድ ኩባንያ፣ የትራንሽን፣ ልጆች ናቸው። ትራንሽን እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ኢትዮጵያ ውስጥ ስልክ ይገጣጥማል፤ ገበያችንን የያዘውም በዋዛ አይደለም፤ የአማርኛ ቁልፍ ሰሌዳ ይዞ ቀድሞ የመጣ ነው። ሆኖም አንድ ሱቅ ውስጥ የእነዚህን ስም ብቻ ሲያዩ የተለያዩ ኩባንያዎች እየተፎካከሩልዎት አይደለም።

እኔን ከመደርደሪያው መጥበብ ይልቅ የሚቆጨኝ ሌላ ነው፤ የዱቤው ነገር። እንደ እርስዎ ያለ ደመወዝተኛ ጥሩ ስልክ ለመግዛት የሚያስፈልገውን ብር በአንድ ጊዜ ማውጣት ይከብደዋል። በየወሩ የሚከፈል አሠራር ሲመጣ በጣም ተደስቼ ነበር። ግን ያ አሠራር ለሁለት ደካማ ሞዴሎች ብቻ ከታሰረ፣ ገንዘብ ያለው ከውጭ መርጦ ይገዛል፤ ገንዘብ የሌለው ግን የተሰጠውን ይዞ፣ በጠቅላላ ሲደመር ከእጅ በእጅ ዋጋው የበለጠ ከፍሎ ይወጣል። ይሄ መታረም አለበት። ኦፕሬተሩ ሁሉንም ስልክ ራሱ ማስመጣት አይጠበቅበትም፤ ከታወቁ ሞባይል ቤቶች ጋር ተስማምቶ ደንበኛው የመረጠውን ስልክ በዱቤ ማስያዝ ይችላል። ለእሱም ይሻለዋል፤ የተሻለ ቀፎ የያዘ ሰው የተሻለ ፓኬጅ ይገዛል። ይህን በሽያጭ ማዕከሉ የአስተያየት መዝገብ ላይ በጽሑፍ ያስፍሩ። በቃል የተነገረ ቅሬታ ከባንኮኒው አያልፍም። በጽሑፍ አመልክተው ምላሽ ካጡ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን አለ፤ የቴሌኮም ተጠቃሚን ቅሬታ ማየት ሥራው ነው።

ወደ ስልኩ እንምጣ። ምርጫዎን የሚወስነው ጌራ ነው፤ ከእሱ ልጀምር።

ስልክ ከማማው ጋር የሚገናኝባቸው ሞገዶች ባንድ ይባላሉ። ቀፎው ማማው የሚያሠራጭበት ባንድ ከሌለው፣ ኤፍኤም ብቻ የሚይዝ ሬዲዮ አጭር ሞገድ ላይ ያለውን ጣቢያ እንደማያሰማ ሁሉ፣ ማማው ሥር ቆመው እንኳ «ኔትወርክ የለም» ይልዎታል። በእኛ አገር 2ጂ ለረጅም ጊዜ የቆመው በ900 ሜጋኸርዝ ላይ ነው። 3ጂ በዋነኛነት በ2100 ነው የመጣው። 4ጂ ደግሞ በ2007 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሲጀመር በ1800፣ ማለትም ባንድ 3 በሚባለው ነበር። ቁጥሩ ዝቅ ባለ መጠን ሞገዱ ሩቅ ይሄዳል፤ ግድግዳና ዛፍም ይበልጥ ያልፋል። ቁጥሩ ከፍ ሲል ፍጥነት ይገኛል፤ ርቀቱ ግን ያጥራል። ጅማ ከተማ ውስጥ ማማ ስለማይርቅ ልዩነቱ ብዙም አይታይዎትም። አጋሮን አልፈው ወደ ጌራዋ ከተማ ወደ ጪራ ሲወጡ ግን መሬቱ ኮረብታና ሸለቆ ነው፤ በለጠ ጌራ የሚባለው ደንም አለ፤ እዚያ 4ጂ ጠፍቶ 2ጂ ብቻ የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ስልክ ሲመርጡ ባንድ 3 መኖሩን ብቻ አይጠይቁ። ባንድ 8 (900)፣ ባንድ 20 (800) እና ባንድ 28 (700) ቢኖሩት ለእርስዎ ጥሩ ነው። ኦፕሬተሮች ኔትወርካቸውን ወደ ገጠር ሲያሰፉ ዝቅተኞቹን ባንዶች ነው የሚመርጡት፤ ዛሬ ባይጠቅምዎት እንኳ ስልኩን በሚይዙባቸው ዓመታት ውስጥ ሊጠቅምዎት ይችላል። ለአውሮፓ፣ ለመካከለኛው ምሥራቅና ለአፍሪካ ገበያ የተሠሩ ስልኮች አብዛኛውን ጊዜ ከእነዚህ የሚፈለገውን ያሟላሉ። ዱባይ የተገዛ ስልክ እኛ ጋ የማይቸገረው ለዚህ ነው።

ጌራ ሲሄዱ ባትሪዎ ቶሎ የሚያልቅ ከሆነም ስልኩ ተበላሽቷል ብለው አይቸኩሉ። የ4ጂ ምልክት ብቅ ጥልቅ በሚልበት ቦታ ስልኩ ያለ ዕረፍት ማማ ይፈልጋል፤ ማማው ሲርቅም ድምፁን ለማድረስ ኃይል ይጨምራል። ሴቲንግ ውስጥ የኔትወርክ ሞድ የሚለውን ከፍተው 4ጂውን ወደ 3ጂ ወይም ወደ 2ጂ ዝቅ ያድርጉት። ጥሪ ይረጋጋል፤ ባትሪውም ይቆያል። እሑድ ማታ ሲመለሱ መልሰው ከፍ ማድረግ እንዳይረሱ፤ ሰኞ ዕለት «ኢንተርኔቴ ሞተ» ብሎ የሚመጣ ደንበኛ ብዙ ጊዜ ችግሩ ይህ ብቻ ነው።

ሁለት ሲም የሚጠቀሙ መሆንዎን በማንሳትዎ ደስ ብሎኛል፤ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነውና። ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ሥራ ከጀመረ ወዲህ አንዱን ሲም ለቴሌብር፣ ሌላውን ለዳታ ማድረግ ተለምዷል። ካርቶን ላይ «ባለ ሁለት ሲም» መባሉ በቂ አይደለም። የሲም መሳቢያውን አስወጥተው ይዩት። ለሁለት ናኖ ሲም እና ለሚሞሪ ካርድ ለየብቻ ሦስት ጉድጓድ ካለው ጥሩ ነው። ሁለት ጉድጓድ ብቻ ሆኖ ሁለተኛው ላይ ወይ ሲም ወይ ሚሞሪ የሚል ከሆነ፣ ሁለተኛ ሲምዎን ከከተቱ ሚሞሪ ካርድ አይኖርዎትም፤ እንዲያ ከሆነ የስልኩ የራሱ መያዣ ከ64 ጊጋ እንዳያንስ። ቆየት ባሉ ርካሽ ሞዴሎች ደግሞ አንዱ ሲም 4ጂ ላይ ሲሆን ሌላው 2ጂ ላይ ይቀራል። ይህን በሱቁ ውስጥ ማረጋገጥ ቀላል ነው። የራስዎን ሁለት ሲሞች ከተው፣ ላይኛው ጠርዝ ላይ ሁለቱም አጠገብ 4ጂ የሚል ይምጣ አይምጣ ይመልከቱ፤ ከዚያ ሲሞቹን አቀያይረው ደግመው ይሞክሩ። «ሲም ማስገባት አይቻልም፣ ማኅተሙ ይበጠሳል» የሚል ሻጭ ካጋጠመዎት፣ ተመሳሳይ ሞዴል ለማሳያ ከተከፈተው ላይ ይሞክሩ። እሱንም ከከለከለ ሌላ ቤት ይሂዱ፤ ጅማ ሞባይል ቤት አልጠፋባትም።

በዚያው ላይ አንድ ሙከራ ይጨምሩ። ሲምዎ 4ጂ ላይ ሳለ ሰው ዘንድ ይደውሉና ጥሪው ሲያያዝ ያንን ምልክት ይከታተሉት። 4ጂ እንዳለ ከቆየ ስልኩ ድምፅን በ4ጂ ላይ ማስተላለፍ ይችላል፤ ቮልቲ የሚሉት ይህ ነው። ወደ 3ጂ ወይም ወደ ኢ (የ2ጂ ምልክት ነው) ከወረደ ለጥሪ ሲል ኔትወርክ እየቀየረ ነው። ቢወርድም ስልኩ አይሠራም ማለት አይደለም፤ ጥሪው ለመያያዝ ትንሽ ይዘገያል፤ እያወሩ ሳለ ዳታው ሊቆም ወይም ሊንቀራፈፍ ይችላል። ቮልቲ እንዲሠራ ኦፕሬተሩም በአካባቢው መክፈት፣ የስልኩ አምራችም ያንን ኦፕሬተር በሶፍትዌሩ ውስጥ ማስገባት አለበት። እንግዲህ የሽያጭ ማዕከሉ ስልኮች ከውጭው የሚሻሉበት አንድ ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ በራሳቸው ኔትወርክ ላይ ተፈትሸው የገቡ ናቸው። በጥሪ ብዛት ለሚተዳደር ሰው፣ ለምሳሌ ለቡና ሰብሳቢ፣ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ስለ አቅሙ ባጭሩ ልንገርዎት። ራም የሚባለው ስልኩ የተከፈቱ መተግበሪያዎችን የሚያሠራበት ፈጣን ማኅደር ነው። ካርቶን ላይ በትልቁ «8 ጊጋ ራም» ተጽፎ ከሥሩ በደቃቅ ፊደል 4+4 የሚል ካዩ፣ እውነተኛው ራም 4 ነው፤ ቀሪው 4 ከመያዣው ላይ የሚበደር ነው፤ ፍጥነቱም የራም አይደለም። ባለ 2 ጊጋ ራም ስልክ ላይ ቴሌግራምና የባንክ መተግበሪያ አንድ ላይ ሲከፈቱ አንዱ ይዘጋል፤ በዝውውር መሐል ሲዘጋ ደግሞ ሰው ብር የጠፋበት መስሎት ይደነግጣል። መምህር ነዎት፤ የተማሪ ውጤት፣ የወላጅ ግሩፕ፣ በአማርኛም በቁቤም መጻፍ ይኖርብዎታል። ከእውነተኛ 4 ጊጋ ራም በታች አይግዙ። ካሜራው ላይ የተጻፈው ሜጋፒክስል ብዛት እንዳያታልልዎት፤ እዚያው ሱቅ ጥላ ያለበት ጥግ ላይ የወረቀት ጽሑፍ ያንሱና አጉልተው ያንብቡት።

ጥገና ቤት ውስጥ ስለምሠራ ሌላው ሻጭ የማያነሳውን አንድ መመዘኛ ልስጥዎት። ስክሪኑ ጅማ ውስጥ የሚገኝለትን ስልክ ይግዙ። ሻጩን «ስክሪኑ ቢሰበር ስንት ነው፣ ስንት ቀንስ ይፈጃል?» ብለው ይጠይቁ፤ ከዚያ ወደ አንድ ጥገና ቤት ጎራ ብለው ያንኑ ይጠይቁ። በብዛት የሚሸጡት የቴክኖ፣ የሳምሰንግ ኤ ተከታታይና የሬድሚ ሞዴሎች ስክሪን እዚሁ ይገኛል፤ ከሌለም ከአዲስ አበባ በቶሎ ይመጣል። እምብዛም ያልተለመደ ሞዴል ግን የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን ለአንድ ስክሪን ወር ያስጠብቃል፤ ዋጋውም ከስልኩ ግማሽ ሊደርስ ይችላል። ቻርጅ የሚሰካበትንም ይዩ፤ ሰፋ ያለው ታይፕ ሲ ይሁን። የጅማ ክረምት ረጅምና እርጥብ ነው፤ በሐምሌና በነሐሴ የሚመጡልኝ ስልኮች አብዛኛዎቹ ቻርጅ መሰኪያቸው የዛገ ነው። ኪስዎ ውስጥ ዝናብ የነካውን ስልክ ሳይደርቅ አይሰኩ።

አሁን ወደ ወንድምዎ ስጦታ። እዚህ ላይ ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል፤ ከአሜሪካ የመጣ ስልክ ይዘው ሰዎች ሲያዝኑ ማየት በጣም ያሳዝነኛል። ባለፈው የቡና ወቅት አንዲት እናት ልጃቸው የላከላቸውን ገና ከካርቶኑ ያልወጣ ስልክ ይዘው መጡ። ሲማቸውን ስከት ስክሪኑ ላይ ሲሙ እንደማይደገፍ የሚገልጽ ጽሑፍ መጣ። ስልኩ አልተበላሸም፤ ልጁ በወር ክፍያ የወሰደው ስለሆነ ለአሜሪካው ኦፕሬተር ተቆልፎ ነበር። ቁልፉን በሕጋዊ መንገድ የሚከፍተው ያ ኦፕሬተር ብቻ ነው፤ ክፍያው ሳይጠናቀቅ ደግሞ አይከፍትም። «እኔ እከፍተዋለሁ» ብሎ ብር የሚቀበል አለ፤ ሶፍትዌር በታደሰ ቁጥር ተመልሶ የሚቆለፍ ሥራ ነው፤ እኔ እምቢ ነው የምለው። እናቲቱ ስልኩን መልሰው ላኩት።

ወንድምዎን ይህን ይንገሩት። ስልኩን ከኦፕሬተር ሱቅ ሳይሆን ያልተቆለፈ ተብሎ ከሚሸጥበት ይግዛ። አይፎን ከሆነ ከመላኩ በፊት ሴቲንግ፣ ጀነራል፣ አባውት ብሎ ወደ ታች ይውረድ፤ የኦፕሬተር ቁልፍን በሚመለከተው መስመር ላይ «ኖ ሲም ሪስትሪክሽንስ» ማለት አለበት። ሳምሰንግ ከሆነ የሞዴል ቁጥሩን ይላክልዎት፤ መጨረሻው ዩ ከሆነ ለአሜሪካ ኦፕሬተሮች የተሠራ ነው፤ ዩ1 ከሆነ ያልተቆለፈው ነው። እዚያ በርካሽ የሚሸጡ፣ ቅድሚያ በሚሞላ ካርድ የሚሠሩ አንድሮይድ ስልኮችን በፍጹም አይላክ፤ ተቆልፈው የሚመጡ ናቸው፤ ቁልፋቸው ቢከፈት እንኳ ብዙዎቹ የተሠሩት ለአሜሪካዎቹ ባንዶች፣ ለ2፣ 4፣ 12፣ 13ና 66፣ ስለሆነ የእኛው ባንድ 3 አይኖራቸውም። ውዶቹ አይፎኖችና ሳምሰንጎች ከዚህ ይተርፋሉ፤ ባንዳቸው ሰፊ ነው።

ሆኖም አይፎኑ ላይ ሌላ ነገር አለ። ከአይፎን 14 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ የሚሸጡት የሲም ማስገቢያ የላቸውም፤ በኢሲም፣ ማለትም ስልኩ ውስጥ በተገጠመና ተነቅሎ በማይወጣ ሲም፣ ብቻ ነው የሚሠሩት። የአይፎን 17 ተከታታይ ላይ ደግሞ ይኸው ነገር ሳዑዲ፣ ኤምሬትስ፣ ኳታርና ኩዌት ለሚሸጡትም ደርሷል፤ ከጅማ ወደዚያ የሄዱ እህትና ወንድሞች ብዙ ስለሆኑ ይህን ለሁሉም ማሰማት ያስፈልጋል። ለእርስዎ ኢሲም ብቻ ያለው ስልክ አልመክርም። ጌራ ላይ ስልክዎ ቢሞት ሲምዎን ነቅለው የባለቤትዎ ቀፎ ላይ ከተው ቴሌብርዎን መክፈት አይችሉም፤ እንደገና የሽያጭ ማዕከል ደጅ መጥናት ይመጣል። አይፎን የግድ ካሉ ከአይፎን ኤክስአር እስከ አይፎን 13 ያለውን፣ ወይም አውሮፓ የተገዛና የሲም ማስገቢያ ያለውን ይሁን። እነዚህ የሚወስዱት አንድ ናኖ ሲም ነው፤ ሁለተኛው መስመርዎ ኢሲም መሆን አለበት። ሁለት ናኖ ሲም የሚቀበል አይፎን የሚገኘው ለቻይና፣ ለሆንግ ኮንግና ለማካው ገበያ ከተሠሩት ውስጥ ነው። የቻይና ገበያ አንድሮይድ ግን ይቅርብዎት፤ ዋጋው ያጓጓል፤ ነገር ግን ብዙውን ጊዜ ፕሌይ ስቶር የለውም፣ ባንድ 20ም ይጎድለዋል።

እኔን ከጠየቁኝ፣ ወንድምዎ ስልኩን ትቶ ብሩን ይላክልዎትና ከዚሁ ይግዙ። ደረሰኝ ይኖርዎታል፤ ቢበላሽ የሚመልሱበት ቤት ይኖርዎታል። በአዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት የገዙት ዕቃ ጉድለት ከተገኘበት በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርልዎት ወይም ገንዘብዎ እንዲመለስልዎት የመጠየቅ መብት አለዎት፤ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ማኅተም ይህን አይሽረውም። ያለ ደረሰኝ ግን መሟገት ከባድ ነው። ደረሰኙ ላይ ሞዴሉና ኢሜዩ ይጻፍ። ኢሜይ ማለት ኮከብ መሰላል 06 መሰላል ሲደውሉ የሚመጣው ባለ 15 አኃዝ ቁጥር ነው፤ ባለ ሁለት ሲም ስልክ ሁለት አለው። ስክሪኑ ላይ የመጣውና ካርቶኑ ላይ የታተመው አንድ መሆን አለባቸው፤ የመጀመሪያዎቹ 8 አኃዞች የሞዴሉ ናቸው፤ የማይመሳሰል ከሆነ ወይ ካርቶኑ ወይ ስልኩ የሌላ ነው። በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ የቀፎ ምዝገባ ሲጀመር ምን ያህል ሰው እንደተጨነቀ አይረሳኝም፤ ኢሜዩ ንጹሕ የሆነ ስልክ የያዘ ሰው ወደፊት እንዲህ ያለ ነገር ቢመለስም አያሰጋውም።

ስላሽ የሚሉት፣ ትንሽ ተጠቅመውበት የተሸጠ ስልክም ጥሩ አማራጭ ነው፤ በተመሳሳይ ብር አንድ ደረጃ ከፍ ያለ ያገኛሉ። ግን ሻጩ ፊትዎ ሆኖ የራሱን የጉግል ወይም የአይክላውድ አካውንት አውጥቶ፣ ስልኩን አጥፍቶ እንደ አዲስ ያስጀምረው። ዳግም ሲበራ የድሮ ባለቤቱን አካውንት የሚጠይቅ ከሆነ አይክፈሉ። ሰውየው «ረሳሁት፣ ማታ እልክልሃለሁ» ቢልም አይክፈሉ።

ወንድምዎ መላክ ካልቻለና የግድ በወር ክፍያ መውሰድ ካለብዎት ደግሞ፣ ውሉን ከመፈረምዎ በፊት አራት ነገር ያስረዱዎት። ጠቅላላ የሚከፍሉት ድምር ከእጅ በእጅ ዋጋው በስንት ይበልጣል? ክፍያ ቢዘገይ ስልኩ ራሱን ይቆልፋል ወይ፤ ተቆልፎስ ጥሪ መቀበል ይችላል? በዱቤ የሚሰጡ ስልኮች ላይ እንዲህ ያለ መቆለፊያ የተለመደ ነውና አይግረምዎ። የሌላውን ኦፕሬተር ሲም ሁለተኛው ማስገቢያ ላይ ይቀበላል? መጨረሻውን ከፍለው ሲጨርሱ መቆለፊያውን የሚያነሳው ማን ነው፣ በስንት ቀን? ሻጩ መልስ ከሌለው ወደ ኃላፊው ይሂዱ። ከሁለቱ ስማርት ስልኮች የአንዱ እውነተኛ ራም 4 ጊጋ ከሆነና ሁለቱም ሲሞችዎ 4ጂ ከያዙ፣ ከነመቆለፊያው መውሰዱ አያስቆጭም። ሁለቱም ባለ 2 ጊጋ ከሆኑ ግን ለወር ክፍያ የሚያወጡትን ያህል በየወሩ እያጠራቀሙ ጥቂት ወር ቢታገሡና ከመርካቶ እጅ በእጅ ቢገዙ ይሻላል።

ሊገዙ ያሰቡትን ስልክ የሞዴል ቁጥር፣ ካርቶኑ ጀርባ ላይ ባርኮዱ አጠገብ ያለውን፣ ፎቶ አንስተው ይላኩልኝ። ባንዶቹንና የስክሪኑን ዋጋ አይቼ እነግርዎታለሁ።